ከመንቀጥቀጡ በኋላ ያለው ሰዓት

ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ፣ ናዳ ቤተሰብ ሲቀብር ጎረቤት አካፋና ዶማ ይዞ ሮጠ። እየቆፈሩ ሳለ ሁለተኛው ናዳ ወረደባቸው። ከ200 በላይ ሰው አለቀ፤ ከመካከላቸው ብዙዎቹ ሌላውን ለማትረፍ የወጡ ነበሩ። መምህራንና የጤና ባለሙያዎችም አብረዋቸው ነበሩ። «ቆዩ፣ ገና አላበቃም» የሚል ድምፅ የደረሰው ሰው ያለ አይመስልም።

ያን ናዳ ያመጣው ዝናብ ነው። የጋሞ ደጋም ግን ያው ዓይነት ቁልቁለት ነው፤ ከጨንቻ እስከ ቦንኬ ሰው የሚያርሰውም የሚተኛውም በገደል አፋፍ ነው። እዚህ አገር ደግሞ መሬቱን የሚያናጋው ዝናብ ብቻ አይደለም። አባያና ጫሞ ሐይቆች የተኙት በስምጥ ሸለቆው ወለል ላይ ነው። በጥቅምት 1980 ዓ.ም. ከአርባ ምንጭ በደቡብ ምዕራብ በኩል መጠኑ 6 ገደማ የደረሰ ርዕደ መሬት ተነስቶ ነበር። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ የሆነውንማ ሁላችንም እናስታውሳለን፦ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ቀዬውን ለቀቀ፣ የካቲት 7 መጠኑ 6 የሆነ መንቀጥቀጥ ተመዘገበ፣ በአዲስ አበባም ፎቆች ተወዛወዙ።

በዚያ ሰሞን ስልኩን ያጨናነቀው «ዛሬ ሌሊት ትልቁ ይመጣል» የሚል ወሬ ነበር። እንደ ፕሮፌሰር አታላይ አየለ ያሉ የዘርፉ ሊቃውንት በየመገናኛ ብዙኃኑ ሲያስረዱ እንደከረሙት፣ ቀኑንና ሰዓቱን አስቀድሞ የሚናገር መሣሪያ በዓለም ላይ የለም። ያለው የሰከንዶች ማስጠንቀቂያ ነው። ፈጣኑ ሞገድ በሰከንድ 6 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ቤት የሚጥለው ዘገምተኛው ደግሞ 3.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ ስለዚህ መነሻው 100 ኪሎ ሜትር ከራቀ 12 ሰከንድ ያህል ይገኛል። ከጫሞ ሥር ከተነሳ ግን ለአርባ ምንጮቹ ሰፈሮች ለሴቻና ለሲቀላ ያችም የለችም።

ስለዚህ ገንዘባችንንና ሐሳባችንን ከመንቀጥቀጡ በኋላ ባለው ሰዓት ላይ እናውል እላለሁ። ሰው የሚተርፈውም፣ እንደ ኬንቾ ሻቻ ዳግም የሚያልቀውም በዚያ ሰዓት ነው። በ2002 ዓ.ም. ሄይቲ ስትፈርስ፣ ጎረቤታችን ኬንያ ውስጥ የተወለደው ኡሻሂዲ የተባለ ሥርዓት አደጋው የደረሰባቸው ሰዎች በገዛ ቋንቋቸው የላኩትን አጭር መልእክት ሰብስቦ፣ በበጎ ፈቃደኞች አስተርጉሞ፣ በካርታ ላይ አሰፈረው። ላኪዎቹ የያዙት ተራ ስልክ ነበር።

እኛም ይህን መሥራት አያቅተንም። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ጊዜ ሰው በደወለ ቁጥር ከጥሪው በፊት «እጃችሁን ታጠቡ» የሚል ድምፅ ይሰማ እንደነበር አንረሳም። ያው መንገድ በጋሞኛና በዘይሴኛ «ከቁልቁለቱ ራቁ፣ ወደ ፈረሰ ቤት አትግቡ» ማለት ይችላል። በአንድ የኔትወርክ ማማ ሥር ላሉ ስልኮች ሁሉ በአንድ ጊዜ የሚደርስ ማስጠንቀቂያም አለ፤ የማንንም ቁጥር ማወቅ አይጠይቅም፣ መስመር ሲጨናነቅም አይታገድም።

ማማው ራሱ ቢወድቅስ? ጋሞ ዱቡሻ የሚባል የአባቶች ሸንጎ አለው። በመስከረም 2011 ዓ.ም. ለበቀል የወጣውን የአርባ ምንጭ ወጣት እርጥብ ሣር ይዘው ተንበርክከው የመለሱት አባቶች ናቸው። የእነዚህን ሰዎች ቃል የሚተካ መተግበሪያ አላውቅም፤ ማንም እንዲሠራም አልመኝም። መረጃው መጀመሪያ ለእነሱ ይድረስ፣ በየቀበሌው ለእነርሱ የተሰጠ በፀሐይ የሚሠራ ሬዲዮ ይኑር። የአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ደግሞ የትኛው መንደር በየትኛው ቁልቁለት እንዳለ፣ አቅመ ደካሞች የት እንደሚኖሩ ከዛሬ ጀምሮ በካርታ ይያዙ። ካርታው ከአደጋ በፊት ካልተዘጋጀ ውዱ ሰዓት ያልፋል።

ከመጪው ክረምት በፊት ቢያንስ በአንድ የደጋ ቀበሌ ይሞከር። መልእክቱ ይላክ፤ ስንት ሰው እንደደረሰው፣ ስንቱ እንደገባው፣ ስንቱ ወደ ደኅና ቦታ እንደወጣ ይቆጠር። የጋሞ ዞን አስተዳደርም ቁጥሩን ለሕዝብ ይንገር።