ባሕሩ ጻፉ፣ ዘውዴ ተጠቀሱ

ሰኔ ሲቃረብ ግቢ አካባቢ ያሉ ኮምፒውተር ቤቶች በተመራቂዎች ይጨናነቃሉ። ስንት ዓመት የተማረ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን ፎርማት ለማስተካከል ለታይፒስቷ ይከፍላል። አማካሪው «ፎርማቱን አስተካክል» ብሎ በቀይ አስምሮ መልሶበታል፤ እንዴት እንደሚስተካከል ግን ያሳየው የለም።

አትፍረዱበት። ማውጫውን ነጥብ እየደረደረ በእጁ ነው የሚሠራው፤ አንድ አንቀጽ ሲጨምር የገጽ ቁጥሩ ሁሉ ይዛባል። ርዕሶቹን በወርድ «ሄዲንግ» ቢያደርጋቸው ማውጫው በራሱ እንደሚወጣ ለማሳየት ግማሽ ሰዓት ይበቃ ነበር።

ከዚህ የሚብሰው የስም ነገር ነው። ኤፒኤ የሚባለው የአጠቃቀስ ስልት የደራሲውን የቤተሰብ ስም ያስቀድማል። እኛ ጋ ግን ሁለተኛው ስም የአባት ነው። ሕጉን ሳይገባው የሸመደደ ተማሪ የፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴን የዘመናዊት ኢትዮጵያ ታሪክ «ዘውዴ፣ 1991» ብሎ ይጠቅሳል። የደከሙት ባሕሩ፣ የተጠቀሱት አባታቸው! ኢንሳይክሎፒዲያ ኤቲዮፒካ እንኳ ኢትዮጵያውያንን የሚዘረዝረው በራሳቸው ስም ነው።

ፎርማት የኅዳግ ስፋት ብቻ አይደለም፤ «ይህ ሐሳብ የማን ነው?» ለሚለው ጥያቄ የምንሰጠው መልስ ጭምር ነው። ምክንያቱን ያላወቀ ተማሪ ሕጉን አክብሮ ሰውየውን ይስታል።

መምህሮቻችን፣ እባካችሁ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ በሁለት ገጽ ሥራ አለማምዷቸው። በሰኔ ቅጣት ሆኖ ከሚመጣ፣ በጥቅምት ትምህርት ሆኖ ይምጣ።