የሥዕላዊ ታሪክ ገበያና የትዝታችን ዕዳ

ስለ ንባብ ባህል በተሰበሰብን ቁጥር የማይቀር አንድ ቅሬታ አለ። «ወጣቱ አያነብም፤ መጽሐፍ ከመግለጥ ይልቅ ዐይኑን በተንቀሳቃሽ ስልኩ ላይ ተክሎ ይውላል» ይባላል። መምህሩ ይህን በክፍል ውስጥ ይናገራል፤ ካድሬው በሪፖርቱ ያሰፍራል፤ ከያኒውም ሥራው አንባቢ ያጣበትን ምክንያት ሁሉ ከዚሁ ይመዛል። ቅሬታው እውነትነት የለውም አንልም። ሆኖም ቅሬታ አቅራቢዎቹ አንድ ቀላል ጥያቄ ለራሳቸው ሳያቀርቡ ያልፋሉ፤ ይኸውም «ለመሆኑ እኔ ራሴ ንባብን የወደድሁት የት ነው?» የሚለው ነው።

ይህን ጥያቄ በቅንነት የሚመልስ፣ በተለይም ከአዲስ አበባ ርቆ በየአውራጃው ያደገ ሰው፣ መልሱን በቤተ መጻሕፍት ጸጥታ ውስጥ አያገኘውም። የሚያገኘው በአውቶቡስ መናኸሪያ ጥግ፣ ጆንያ ዘርግቶ በተቀመጠ የአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ እግር ሥር ነው። በዚያ ጆንያ ላይ ከመማሪያ መጽሐፍና ከልቦለድ ጎን፣ ሽፋናቸው የተገነጠለ፣ ከዳር እስከ ዳር በሥዕል የተሞሉ ቀጫጭን መጽሐፎች ተደርድረው ነበር። ፈረንጆች «ኮሚክ» ይሏቸዋል፤ እኛ በዚህ ጽሑፍ ሥዕላዊ ታሪክ እንላቸዋለን። የጽሑፉም ዓላማ ሦስት ወገኖችን መሞገት ነው፦ ሥዕላዊ ታሪክን የሚንቁትን፣ ሻጩን የሚያሳድዱትን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በትዝታ ብቻ የሚያሞግሱትን።

ቡናና መጽሐፍ

የኮቸሬ ወረዳ ከተማ ጨለለቅቱ ከይርጋ ጨፌ በስተደቡብ፣ በጌዴኦ የቡናና የእንሰት አገር ውስጥ ትገኛለች። በእኔ የልጅነት ዘመን፣ ማለትም በ1970ዎቹ ዓ.ም.፣ «የመጽሐፍ መደብር» የሚል ሰሌዳ የሰቀለ ቤት በከተማዋ አላየሁም። የመጽሐፍ ገበያ ግን ነበረ። ገበያውም የቡናን ወቅት ይከተል ነበር። ከጥቅምት ጀምሮ ቀይ እሸት ቡና ተለቅሞ ወደ ማጠቢያው ሲወርድና በገበሬው ኪስ ገንዘብ ሲገባ፣ ከአቡጀዲ ነጋዴውና ከሸክላ ዕቃ ሻጯ ጋር መጽሐፍ አዟሪውም ከዲላ ብቅ ይላል። ክረምቱ ሲከብድና መንገዱ ሲጨቀይ ደግሞ እንደ ገንዘቡ እሱም ይጠፋል። ስለዚህ ለእኛ ለልጆች የንባብ ወቅት ማለት የቡና ለቀማ ወቅት ማለት ነበር።

ሁላችንም «ጋሼ» ብለን የምንጠራቸው አንድ አዟሪ መጽሐፍ ከመሸጥ ይልቅ ማከራየት ይቀናቸው ነበር። እዚያው ቁጭ ብሎ ለማንበብ አምስት ሳንቲም፣ ቤት ወስዶ አሳድሮ ለመመለስ ስሙኒ ያስከፍላሉ። «ጋሼ፣ የዛሬን በዱቤ ያስነብቡኝ» ስንላቸው «መጀመሪያ እጅህን አሳየኝ» ይሉ ነበር። በእሸት ቡና ጭማቂ የተጣበቀ እጅ የጋሼን መጽሐፍ አይገልጥም። ወደ ወንዝ ወርደን፣ እጃችንን በአሸዋ ፈትገን እንመለሳለን። መጽሐፍ የሚከበር ነገር መሆኑን የተማርነው በዚያች የእጅ ፍተሻ ነው።

በጆንያው ላይ የነበሩት ሥዕላዊ ታሪኮች አመጣጣቸው ሲታሰብ የአገሪቱን ታሪክ ይናገራሉ። ገሚሱ በእንግሊዝኛ ነበር፤ በ1955 ዓ.ም. በአገራችን ማስተማር የጀመሩት የአሜሪካ የሰላም ጓድ መምህራን በየአውራጃው ትተዋቸው ከሄዱት ንባብ የተረፈ ይመስለኛል። ጣልያንኛ የሚናገሩ ካውቦዮች የሞሉባቸውም ነበሩ። በሞስኮ በአማርኛ የታተሙ፣ ወረቀታቸው ወፍራም፣ ቀለማቸው የደመቀ የልጆች መጽሐፎችም ከጎናቸው ተኝተው ይገኙ ነበር። በዓለም መድረክ የማይስማሙ ኃይሎች በጨለለቅቱ ጆንያ ላይ በሰላም ጎን ለጎን ያድሩ ነበር።

ከመካከላችን ጣልያንኛ የሚያውቅ አንድም ልጅ አልነበረም። ይሁን እንጂ ታሪኩ አላመለጠንም። ከፍ ያለ ክፍል የደረሰው ልጅ ሥዕሉን በጣቱ እየጠቆመ ባለ ኮፍያው ሰውዬ የሚለውን በጌዴኦኛ ይፈጥርለታል፤ ሌላው ይቃወመዋል፤ ሦስተኛው የተሻለ ንግግር ያመጣል። የመጨረሻው ገጽ ብዙ ጊዜ አይገኝም ነበር፤ ባለሱቁ ስኳር ጠቅልሎበታልና። በዚህም ምክንያት አንድ ታሪክ በሦስት ሰፈር ሦስት ዐይነት ፍጻሜ ነበረው። ዛሬ በየዩኒቨርሲቲው «የፈጠራ ጽሑፍ» እየተባለ የሚሰጠውን ትምህርት እኛ በአምስት ሳንቲም የጀመርነው በዚያ ነው።

የናቂዎቹ ሙግት

የመጀመሪያው ወገን «ሥዕል ልጅን ያሰንፋል፤ ፊደል የሚሸሽ አንባቢ ያፈራል» ይላል። ይህን የሚለው ሰው ሥዕላዊ ታሪክ እንዴት እንደሚነበብ አስተውሎ አያውቅም። በአንደኛው ሥዕል ሰውየው በሩን ሲያንኳኳ ይታያል፤ በሁለተኛው ቤቱ ሲቃጠል ይታያል። በሁለቱ መካከል የሆነውን ማንም አልጻፈውም፤ የሚሞላው አንባቢው ራሱ ነው። ጊዜን፣ ምክንያትንና ውጤትን ከባዶ ቦታ ማውጣት ስንፍና ከተባለ ትጋት ምን ሊባል ነው?

ይህ ንቀት በእኛ አገር የተወለደ አይደለም። በአሜሪካ ፍሬድሪክ ወርታም የተባለ የአእምሮ ሐኪም በ1954 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ሥዕላዊ ታሪክ ልጆችን ወንጀለኛ ያደርጋል ብሎ ከሰሰ። ጉዳዩ እስከ ሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ደረሰ፤ አሳታሚዎቹም በዚያው ዓመት በራሳቸው ላይ ጥብቅ የቅድመ ምርመራ ደንብ ጫኑ። በ2012 እ.ኤ.አ. ግን ካሮል ቲሊ የተባለች ተመራማሪ የወርታምን የራሱን ማኅደሮች መርምራ፣ ሰውየው ማስረጃዎቹን ለክሱ በሚስማማ መንገድ እንደለዋወጣቸውና እንዳጋነናቸው አሳየች። የአንድ ሰው የተጣመመ ማስረጃ የአንድን ትውልድ ንባብ አስከሰሰ ማለት ነው። የእኛ ናቂዎች ክሱን ሲወርሱ የክሱን መጨረሻ አልሰሙም።

ሁለተኛው የንቀት ዐይነት ከከያኒው ወገን የሚመጣ ነው። «ይህ ጥበብ አይደለም፤ ከውጭ የመጣ የንግድ ዕቃ ነው» ይላል። ለዚህኛው መልስ የሰጠው የቻይናው ደራሲ ሉ ሹን ነው። በአገሩ በየመንገዱ የሚከራዩትን ትናንሽ የሥዕል መጽሐፎች የዘመኑ ጸሐፊዎች ባንቋሸሹ ጊዜ፣ በ1932 እ.ኤ.አ. በጻፈው መከላከያ በጣልያን አብያተ ክርስቲያናት የሚደነቁት ታላላቅ የግድግዳ ሥዕሎች ራሳቸው በተከታታይ የተሣሉ ታሪኮች መሆናቸውን አስታወሰ።

እኛ ግን ለዚህ ማስረጃ እስከ ጣልያን መሄድ አያስፈልገንም። በአብያተ ክርስቲያኖቻችን ግድግዳ ላይ የቅዱሳን ገድል በየክፍሉ ተከፍሎ፣ ከሥዕሉም ጋር አጭር ጽሕፈት ተጨምሮበት፣ ፊደል ላልቆጠረው ምእመን ሲተረክ ኖሯል። በብራና የተጻፈው ተአምረ ማርያም በተከታታይ ሥዕሎች የሚያጌጥበት ጊዜ ብዙ ነው። የንግሥተ ሳባና የሰሎሞን ታሪክ በሸራ ላይ 44 ያህል ትናንሽ ክፍሎች ተሠርተውለት፣ ከዘንዶው መገደል አንሥቶ እስከ ምኒልክ መመለስ ድረስ እየተነበበ በአዲስ አበባ ሱቆች ለብዙ ዘመን ተሽጧል። ይህ ሥዕላዊ ታሪክ ካልሆነ ምንድር ነው? ባዕድ የምንለው ነገር ስሙ ብቻ ነው፤ ግብሩ የቤታችን ነው። በ1950 ዓ.ም. በአለ ፈለገ ሰላም የተቋቋመው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ካፈራቸው ሠዓሊያን መካከል ይህን የተከፋፈለ ሸራ ወደ መጽሐፍ የመለሱት ስንቶች ናቸው? ጥያቄው ለከያኒው ነው።

የአሳዳጆቹ ሙግት

ሦስተኛው ሙግት ከቢሮ ይወጣል። «አዟሪው የእግረኛ መንገድ ይዘጋል፤ የከተማ ውበት ያበላሻል፤ ፈቃድ የለውም» ይባላል። ሥርዓት አስፈላጊ መሆኑን ማንም አይክድም። ነገር ግን ጫማና ኮፍያ የዘረጋው ሰውና መጽሐፍ የዘረጋው ሰው በአንድ ደንብ ሲባረሩ፣ ከተማዋ መንገዷን ስታጸዳ የአንባቢዎቿን መፍለቂያ አብራ ትጠርጋለች። ዛሬ በየትንሽ ከተማው «መጻሕፍት» የሚል ጽሑፍ ወደለጠፈ ቤት ቢገቡ የሚያገኙት በአብዛኛው የፈተና መለማመጃ፣ ደብተርና የፎቶ ኮፒ መኪና ነው። ልጅ ለፈተና ያነባል፤ ፈተናው ሲያልፍ ንባቡም አብሮ ያልፋል።

የሌላውን ዓለም ልምድ እንመልከት። ጃፓን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ደህይታ ሳለ፣ ሥዕላዊ ታሪክ በጥቂት ገንዘብ የሚያከራዩ ትናንሽ ሱቆች በየሰፈሩ ተከፈቱ። ሽጌሩ ሚዙኪን የመሰሉ ታላላቅ ሠዓሊያን የሥዕላዊ ታሪክ ሥራቸውን የጀመሩት ለእነዚሁ የኪራይ ሱቆች በመሥራት ነው። ዛሬ ዓለምን ያጥለቀለቀው የጃፓን ሥዕላዊ ታሪክ አንዱ ሥሩ የድሃ ሰፈር ኪራይ ቤት መሆኑ ሊታወስ ይገባል። ጋሼ በጆንያቸው ላይ ያደርጉት የነበረውም ይህንኑ ነበር። ልዩነቱ፣ በዚያ ሠዓሊው ለኪራይ ሱቁ ሣለለት፤ በእኛ ዘንድ ግን ሻጩ ብቻውን ቀረ።

በጌዴኦ ይህ ጉዳይ የቅንጦት አይደለም። ሐምሌ 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር፣ በኋላ ማስተማሪያ ከሆኑት 15 ቋንቋዎች አንዱ ጌዴኦኛ ነበር። በየገጠሩ ፊደል የቆጠረው ሕዝብ ግን ከፊደል ገበታው ቀጥሎ የሚያነበው ነገር በቋንቋው አልበረከተለትም። የሚያነበው ያጣ አንባቢ ደግሞ የተማረውን መልሶ ይረሳል። ዛሬም ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ትምህርት ሲጀምሩ ከመማሪያ መጽሐፍ ሌላ በእጃቸው የሚገባው ጥቂት ነው። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በጉጂ አካባቢ በተነሣው ግጭት በመቶ ሺህዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሲፈናቀሉ፣ ኮቸሬ በተፈናቃይ ከተጨናነቁት ወረዳዎች አንዷ ነበረች። ከዚያ ዘመን የወጡ ልጆች ዛሬ ወጣቶች ሆነዋል። አንዱ ጌዴኦኛ፣ ሌላው ኦሮምኛ የሚናገሩ ሁለት ልጆች አንድ ገጽ ከፍተው አብረው ሊያነቡት የሚችሉት መጽሐፍ ቢኖር ሥዕላዊ ታሪክ ነው። እኛ ጣልያንኛውን ሳናውቅ ካውቦዩን እንደተረዳነው፣ እነሱም የጎረቤታቸውን ኑሮ በሥዕል ሊረዱት ይችላሉ። ይህን ዕድል ማን ሰጣቸው?

ትዝታ ሥራ አይደለም

አሁን ወደ ሦስተኛው ወገን እንምጣ። ይህ ወገን ወዳጅ መስሎ የሚጎዳ ነው። ሥዕላዊ ታሪክን ይወዳል፤ የፒያሳን የአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ፣ የመርካቶን የመጽሐፍ ክምር፣ የዲላን መናኸሪያ እያነሣ በናፍቆት ያወራል። ቡናው እስኪቀዘቅዝ «ደግ ዘመን ነበር» ይላል። ለልጁ ግን አንድ ሥዕላዊ ታሪክ ገዝቶ አያውቅም፤ በመሥሪያ ቤቱ በጀት ሲደለደል ለልጆች መጽሐፍ አንድ መስመር እንዲገባ አይከራከርም። ትዝታ በራሱ ክፉ ነገር አይደለም፤ ነገር ግን የተበላ ዕዳ ማስታወሻ እንጂ ክፍያ አይደለም። በአምስት ሳንቲም የተገዛልን ደስታ በስማችን ተመዝግቦ ይጠብቀናል።

ለመክፈል የሚያስችል ነገር ጠፍቶ አይደለም። በ2010ዎቹ ዓ.ም. «ጀምበር» እና «ሐዊ» የተባሉ ኢትዮጵያዊ ባለ ልዩ ኃይል ጀግኖች ያሏቸው ሥዕላዊ ታሪኮች በኤታን ኮሚክስ ወጥተዋል፤ «ጀምበር» በአማርኛም ታትሟል። የአይቮሪ ኮስቷ ማርጌሪት አቡዌ በአቢጃን አንድ ሰፈር ስለሚኖሩ ተራ ወጣት ሴቶች የጻፈችው «አያ» በ2006 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ አንጉሌም በዓል ተሸልሟል፤ ይህም ስለ ሠፈር ኑሮ የተሠራ ሥዕላዊ ታሪክ ዓለምን ሊያነጋግር እንደሚችል ያሳየ ነው። ለጨለለቅቱ ቅርብ በሆነችው በሐዋሳም በአህያ በሚጎተት ጋሪ መጽሐፍ ተጭኖ ወደ ልጆች የተወሰደበት ጊዜ ነበር። አህያ የቻለውን ቢሮ ለምን ያቅተዋል?

ስለዚህ የምንጠይቀው ግልጽ ነው። ካድሬው መጽሐፍ አዟሪውን ከሌላው ጎዳና ነጋዴ ለይቶ፣ በመናኸሪያና በገበያ አጠገብ ቋሚ ቦታ ያሰጠው፤ በወጣት ማዕከሉም ከከረንቡላው ጎን አንድ የሥዕላዊ ታሪክ መደርደሪያ ይቁም። መምህሩ በተማሪው ደብተር ሥር የተደበቀውን የሥዕል መጽሐፍ ከመንጠቅ ይልቅ «የመጨረሻው ገጽ ቢጠፋ ታሪኩ እንዴት ይፈጸም ነበር?» ብሎ ይጠይቅበት። ከያኒው ደግሞ ብርሹን ያንሣ። የባሌ ሥርዓት አለለት፤ የቱቱ ፈላ የድንጋይ ሐውልቶች አሉለት፤ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የጌዴኦ መልክዓ ምድር ከነሽማግሌዎቹና ከነጥምር እርሻው ተዘርግቶለታል። ይህ ሁሉ እስካሁን በሪፖርትና በቱሪስት በራሪ ወረቀት ላይ ተጽፏል፤ አንድ የኮቸሬ ልጅ ሆዱን ተኝቶ በሚያነበው መጽሐፍ ላይ ግን ገና አልተሣለም።

የሚቀጥለው ቡና ሲቀላ ገንዘብ ወደ ጨለለቅቱ ይመጣል፤ ከገንዘቡም ጋር የስልክ ካርድ ሻጩ፣ የልብስ ነጋዴውና የፕላስቲክ ዕቃ ሻጩ ይመጣሉ። በመካከላቸው አንድ መጽሐፍ አዟሪ፣ በጆንያውም ላይ በጌዴኦኛ የሚናገር አንድ ሥዕላዊ ታሪክ መገኘት አለበት። እሱ እስኪገኝ ድረስ ስለ ወጣቱ አለማንበብ የምናቀርበው ቅሬታ በራሳችን ላይ የቀረበ ክስ ነው።