በቀለማችን ለተዘጋብን በር

እ.ኤ.አ. በ2012 መጀመሪያ፣ በደቡብ እስራኤል በምትገኘው ኪርያት ማላኪ፣ የአፓርትመንት ባለቤቶች ለእኛ ለቤተ እስራኤላውያን ቤት ላለመሸጥና ላለማከራየት መስማማታቸው በቴሌቪዥን ተጋለጠ። በሱዳን በረሃ ልጆቹን እየቀበረ ኢየሩሳሌምን ብሎ የመጣ ሕዝብ፣ በገዛ ገንዘቡ ቤት እንዳይገዛ ጎረቤት ከጎረቤት ዶለተበት። ወጣቶቻችን በዚያው ጥር ወር አደባባይ ወጡ። ያን ስምምነት ያኔ አውግዘናል፤ ዛሬም እናወግዛለን።

እንዲህ ለማድረግ መስማማትም አያስፈልግም። እዚያው ተወልዳ ያደገች፣ በሠራዊቱ ያገለገለች፣ አፏን በዕብራይስጥ የፈታች ልጅ ስትደውል «ቤቱ አለ፣ ነይና እይው» ትባላለች። ደጃፍ ደርሳ ፊቷ ሲታይ ቤቱ «አሁን ተያዘ»። ወደ ሌላ ትደውላለች፤ ያም ይያዛል። በማን ላይ ትመስክር? የተጻፈ ነገር የለ፣ የሰማ የለ። እናቷ ማታ «እንዴት ሆነ?» ስትላት «አልወደድኩትም» ብላ ትተኛለች።

ይበልጥ የሚያንገበግበን ግን የመንግሥት ሥራ ነው። በመርከዝ ክሊታ (በአዲስ መጪዎች መቀበያ ማዕከል) እና በካራቫን (በተንቀሳቃሽ ቤት) ካቆየን በኋላ፣ በ1990ዎቹ ልዩ ማሽካንታ፣ ማለትም የቤት መግዣ ብድር፣ ሰጠን። ከገንዘቡ አብዛኛው የማይመለስ ስጦታ ስለነበር ወላጆቻችን መርቀው ተቀበሉ። ያ ገንዘብ የሚያደርሰው ግን አቅም ያለው ሁሉ እየለቀቀ ወደሚሄድበት ያረጀ ሰፈር ነበር። የሬሆቮቱ ኪርያት ሞሼና መሰሎቹ በእኛ ሰው የሞሉት እንዲህ ነው። ከዚያ ዞሮ «ተሰባስባችሁ መኖር የመረጣችሁት ራሳችሁ ናችሁ» ተባልን። ሐሰት ነው። ሰው ዘመዱና ቄሱ አጠገብ መኖር ይወዳል፤ ይህን አንክድም። መውጫ አጥቶ መቅረት ግን ምርጫ አይባልም።

በ2011 የእስራኤል ፓርላማ፣ ክኔሴት፣ ያወጣው የመግቢያ ኮሚቴዎች ሕግ ደግሞ፣ በኔጌቭና በገሊላ እስከ 400 ቤተሰብ ያላቸው መንደሮች አመልካችን «ከማኅበረሰቡ ባህል ጋር አይስማማም» ብለው እንዲመልሱ ፈቀደ። ሕጉ በዘር መለየትን በቃል ይከለክላል፤ ነገር ግን ኮሚቴ ዘርን ሳይጠራ ሰው የሚመልስበትን ቃል ራሱ አቀበለው። በዚህ ሕግ ከሁሉ በፊት የተመታው አረቡ ዜጋ መሆኑን እናውቃለን፤ ለእኛ ብቻ ይከፈት አንልም። በ2014 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሕጉ ላይ የቀረበለትን አቤቱታ ውድቅ አደረገ። በ2023 ክኔሴት የቤተሰቡን ቁጥር ጣሪያ ወደ 700 አሳደገው።

ፊት አይተው ቤት የሚከለክሉትን ባለቤቶች፣ የሚተባበሯቸውን ደላሎች፣ ይህን ሕግ ያጸደቁትንም እናወግዛለን። ሕጉ ይሻር። ሰውን በቀለሙ የመለሰ ፍርድ ቤት ይቁም። ለልጆቻችን የሚሰጠው ማሽካንታም እነሱ ሊኖሩበት በሚመርጡት ከተማ የቤት ዋጋ ይሰላ።