«ባህላዊ» እያላችሁ ስሟን አትቅበሩት

እንጅባራ ላይ አንዲት ወጣት ራሷ በጻፈችው ግጥም፣ ራሷ ባወጣችው ዜማ፣ በአዊኛ ልትዘፍን መድረክ ላይ ወጣች እንበል። መድረክ መሪው ምን ብሎ ያስተዋውቃታል? «አሁን ደግሞ ባህላዊ ዘፈን!» በቃ። ስሟ አይጠራም፣ የዘፈኑ ርዕስ አይነገርም። ይጨበጨባል፣ ወደ ቀጣዩ ንግግር ይታለፋል። ይህቺ «ባህላዊ» የምትባል ቃል ክብር ትመስላለች። ሥራዋ ግን ስርቆት ነው።

ስርቆት ያልኩት አውቄ ነው። ከአያት ቅድመ አያት የወረደ የሰርግ ዜማ የሁላችንም ነው፤ እሺ። ልጅቷ ባለፈው ወር በኪራይ ቤቷ ቁጭ ብላ የጻፈችው ግን የራሷ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410ም የሚለው ይህንኑ ነው፤ ሥራው ከተፈጠረ ጀምሮ መብቱ የፈጣሪው ነው፣ ለዚህ መመዝገብም አያስፈልገውም። ሁለቱን አንድ ላይ ደባልቀን «ባህላዊ» ስንል ዘፈኑን ባለቤት አልባ እናደርገዋለን። ባለቤት የሌለውን ደግሞ ማንም ያነሳዋል።

የሚገርመው እኛ ፈረስ እንኳን በስሙ የምንጠራ ሰዎች መሆናችን ነው። ምኒልክን «አባ ዳኘው» ያልነው በፈረሳቸው ስም ነው። የአገው ፈረሰኞች ማህበር ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ በየዓመቱ ጥር 23 እንጅባራ በፈረስ ትደምቃለች። ፈረሱ ስም አለው፣ ዘፋኟ የላትም። ይህ ትክክል ነው?

«ጂጂስ?» የሚል አይጠፋም። ልክ ነው፣ እጅጋየሁ ሽባባው ያደገችው እዚሁ አዊ ውስጥ፣ ቻግኒ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣውን አልበሟን ፕሮዲውስ ያደረገው ቢል ላስዌል ነው፤ ኸርቢ ሃንኮክ፣ ዌይን ሾርተርና ፋሮዋ ሳንደርስ ተጫውተውበታል። ዓባይም ዓድዋም የሁሉም ናቸው፤ «ዓባይ» እና «ዓድዋ» የሚሉት ዘፈኖች ግን የማን እንደሆኑ ልጅም ያውቃል። ሥሩ የአገር ቤት ነው፣ ስሙ የደራሲዋ ነው። ሁለቱ አይጣሉም። ግን ያ አልበም የተሠራው አሜሪካ ነው። «የእኛ ናት» ብሎ መኩራት ቀላል ነው። ለሚቀጥለዋ ልጅ ምን አዘጋጀንላት? ሻንጣ?

የተለመዱትን ሰበቦች አውቃቸዋለሁ። አንደኛው «በአማርኛ ዝፈኝ፣ ሰው አይገባውም» ነው። የዓሊ ቢራን ኦሮምኛ ዘፈን ቃሉ ሳይገባው አብሮ ያዜመ ስንት አማርኛ ተናጋሪ አለ? ደግሞ እዚህ ዞን ልጆች አንደኛ ደረጃ በአዊኛ ይማራሉ። ፊደሉን በአዊኛ ቆጥሮ ያደገ ልጅ ፍቅሩን፣ ሥራ ማጣቱን፣ ናፍቆቱን በአዊኛ የሚሰማበት አዲስ ዘፈን ከሌለው ቋንቋው የክፍል ውስጥ ነገር ሆኖ ይቀራል። በዓል ሲመጣ ብቻ እንደ ነጠላ ከሳጥን ይወጣል።

ሁለተኛው ከበድ ይላል፤ «ሰው በሰላም ወጥቶ መግባት ባቃተው ጊዜ ዘፈን ያምራችኋል?» ይሉናል። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። ግን ሀገር ፍቅር የተመሠረተው መቼ ነበር? በ1927 ዓ.ም.፣ የጣሊያን ወረራ ሊመጣ ሲል። ያኔ ሕዝቡን የሰበሰበው ንግግር ብቻ አልነበረም፤ ዘፈንም ነበር። መንገድ በሚዘጋበት ጊዜ ባሕር ዳርና አዲስ አበባ ይርቃሉ። ያን ጊዜ የሚቀርበን የከተማችን አዳራሽ ነው። አዳራሹን ለስብሰባ ከፍተን ለዘፈን የምንዘጋበት ምክንያት አይታየኝም።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ስብሰባ ማሟሻ ያልሆነ አንድ ምሽት ለእሷ ብቻ ይሰጣት። ፖስተሩ ላይ ስሟ በትልቁ ይጻፍ። ትንሽም ብትሆን የመግቢያ ዋጋ ይኑር፤ ከገቢው ድርሻዋን ትውሰድ። «ለባህላችን ስትይ» እየተባለ በነፃ መዘፈን ይብቃ፤ የድምፅ ማጉያው ባለቤት በነፃ አያከራይም። ከእንጅባራ ዳንግላ አንድ አስፋልት ነው፤ ቅዳሜ እዚህ፣ እሁድ እዚያ ይቻላል። እንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ወጣት ሞልቶበታል፤ አድማጭ ጠፋ እንዳትሉኝ።

አንተም፣ አንቺም ከዚህ አታመልጡም። ስልካችሁን አውጥታችሁ ትቀርጿታላችሁ፣ ቲክቶክ ላይ ትለጥፋላችሁ፣ ከሥር «የአገው ባህላዊ ዘፈን» ብላችሁ ትጽፋላችሁ። ቪዲዮው ይዞራል፣ እሷ ትቀራለች። በሚቀጥለው ጊዜ ከመለጠፋችሁ በፊት ጠጋ ብላችሁ «ዘፈኑን ማን ጻፈው?» በሏት። የነገረቻችሁን ስም ጻፉት።