ፎቶው ያልተለጠፈው ባለዕዳ

መጋቢት 6 ለ7 አጥቢያ 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ተቃወሰና ብዙ ሰው፣ በተለይም የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ሂሳቡ ውስጥ የሌለ ገንዘብ አወጣ። ነገሩ 800 ሚሊዮን ብር ገደማ ነበር፤ አብዛኛው ተመለሰ። ያልመለሱትን ከ500 በላይ ሰዎች ግን ባንኩ ስማቸውንና ፎቷቸውን አደባባይ አወጣው። የሰው ገንዘብ ይመለስ መባሉ አያከራክርም።

የሚያከራክረው ሌላው ዕዳ ነው። የመንግሥት የልማት ድርጅቶች የተበደሩትን መክፈል ስላቃታቸው፣ መንግሥት ለዚሁ ባንክ 900 ቢሊዮን ብር የሚያህል ቦንድ ለመስጠት ተገደደ። ከዚያች ሌሊት ገንዘብ ከሺህ እጥፍ በላይ ነው። ለዚህኛው የተለጠፈ ፎቶ የለም።

ከባለዕዳዎቹ አንዱ ስኳር ኮርፖሬሽን ነበር። በ2003 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የኦሞ ኩራዝ ፕሮጀክቱ ደቡብ ኦሞን፣ ከፋንና የያኔውን ቤንች ማጂ ዞን ያካለለ ነው። የቁጥር አንድ ፋብሪካን ግንባታ የወሰደው ሜቴክ በጊዜው አላስረከበም። ስኳሩ ሲዘገይ ወለዱ አልዘገየም። የኮርፖሬሽኑ ዕዳ በ2013 ዓ.ም. ወደተቋቋመው የዕዳና ሀብት አስተዳደር ኮርፖሬሽን ዞረ። ዕዳው ቤት ቀየረ እንጂ አልተከፈለም።

በሚዛን ወይም በቴፒ ቡናውን ሸጦ ብሩን ባንክ ያስገባ ገበሬ ስለዚህ ብድር የጠየቀው የለም። የተበደሩት ግን የእሱንና የመሰሎቹን ተቀማጭ ነው። እሱ ራሱ ከማይክሮ ፋይናንስ ጥቂት ሺህ ብር ሲፈልግ በቡድን ዋስትና ይፈርማል፤ አንዱ ካልከፈለ ጎረቤቱ ይጠየቃል። ለትልቁ ብድር ግን በስሙ የሚጠየቅ ጎረቤት የለም።

«ታዘን ነው ያበደርነው፤ ለአገር ልማት ነው» ይባል ይሆናል። ልማት ከሆነ ፓርላማ ተከራክሮበት በበጀት ይያዝ። የባንክ ቦርድ የተሾመው የአስቀማጩን አደራ ሊጠብቅ እንጂ ትእዛዝ ሊያስተላልፍ አይደለም። አደራ የበላ ሰው «ታዝዤ ነው» ቢል የአገር ሽማግሌ አይቀበለውም።

ማንም ይታሰር አይደለም። ትልልቆቹን ብድሮች የትኛው ቦርድ፣ በየትኛው ጥናት እንዳጸደቃቸው ለሕዝብ ይነገር። ቦንዱን የሚከፍለው ግብር ከፋዩ ነውና ይህን የማወቅ መብት አለው። ያለዚያ ቀጣዩም ብድር በዚያው መንገድ ይፈረማል።