«እንጸልይልሃለን» ብለን ስንሸሽ

«ዓለማዊ ድራማ ከአማኝ ወጣት ጋር ምን አገናኘው?» የምትሉኝ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ትንሽ ታገሡኝ።

እ.ኤ.አ. በ2025 በኔትፍሊክስ የወጣውን «አዶለሰንስ» የተሰኘ የእንግሊዝ ድራማ አንዳንዶቻችሁ አይታችሁታል። አራት ክፍል ነው። ጄሚ የሚባል የ13 ዓመት ልጅ አብራው የምትማረውን ኬቲን ገድሏል ተብሎ ይያዛል። (ሰው ሁሉ ጄሚን እንጂ ኬቲን እንደማያስታውሳት ድራማው ራሱ በአንዲት መርማሪ አፍ ይናገራል።) በሦስተኛው ክፍል ብራዮኒ የምትባል የሥነ ልቦና ባለሙያ ልጁ ወዳለበት ትመጣለች። ትኩስ ቸኮሌትና ግማሽ ሳንድዊች ይዛለታለች። ይቀልዳል፣ ይዋሻል፣ ይጮኽባታል። ትደነግጣለች፤ ግን ተመልሳ ፊት ለፊቱ ትቀመጣለች።

ልብ በሉ፤ ብራዮኒ ልታድነው አልመጣችም። ሥራዋ ለፍርድ ቤት የሚቀርብ ሪፖርት ማዘጋጀት ነው። ስለዚህ በመጨረሻ፣ ትንሽ እንኳ ትወደው እንደሆነ እየጮኸ ሲጠይቃት አትመልስለትም። ጎትተው ያስወጡታል። እሷ ብቻዋን ቀርታ ታለቅሳለች።

እሷን ሙያዋ ከለከላት። እኛንስ ማን ከለከለን? ሪፖርት የሚጠብቅብን ዳኛ የለም። ሆኖም ልጅ ተረብሾ ወደ ኅብረታችን ሲመጣ፣ ሦስት ቃል ሳይናገር ጥቅስ እናቀብለዋለን። ጥቅሱ ካላረጋጋው «መንፈስ ነው» እንላለን። ዘመናዊ ነን የምንለው ደግሞ «ባለሙያ ይየው» ብለን እንገላገለዋለን። ባለሙያ አያስፈልግም ማለቴ አይደለም፤ ያስፈልጋል፤ እንዲያውም ዘግይተን ነው የምንልከው። ግን መላክና መገላገል አንድ አይደሉም። ጸሎትንም አልነቅፍም፤ የምነቅፈው ቶሎ ለመሄድ ሲባል የሚጸለየውን ነው። የኢዮብ ወዳጆች እንኳ፣ ያን ሁሉ ስሕተት ከመናገራቸው በፊት፣ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት መሬት ላይ አብረውት ተቀምጠዋል። እኛ ሰባት ደቂቃ አንቀመጥም።

አምና አንድ ልጅ ከፕሮግራም በኋላ ጠብቆ «ሰው ሁሉ አስጠልቶኛል» አለኝ። ዕድሜው ከጄሚ ብዙ አይርቅም። የመዘምራን ልምምድ ነበረብኝና ቸኩያለሁ። እጄን ትከሻው ላይ ጭኜ ጸለይኩለት፤ ጸሎቱስ ደህና ጸሎት ነበር። «አሜን» ብሎ ወጣ። ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ አላየሁትም። ማን እንዳስጠላው እንኳ አልጠየቅኩትም።