አራቷ ፊደል 12 ስትሆን

ሲሪንቃ በአማርኛ አራት ፊደል ናት። ድረ ገጹ በተሳሳተ ኢንኮዲንግ ሲከፈት ግን 12 የላቲን ምልክቶች ሆና ትወጣለች፤ በየሦስቱ ምልክት መጀመሪያ ላይም አናቱ ላይ ጭረት ያረፈበት የላቲን «ኤ» ይደረደራል። ብዙዎች ይህን ሲያዩ ቫይረስ ይመስላቸዋል። አይደለም። ዩቲኤፍ-8 በተባለው የዩኒኮድ አጻጻፍ ለአማርኛ የምንጠቀምበት እያንዳንዱ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል፤ የመጀመሪያው ባይትም ለሁሉም አንድ ነው። ገጹ በምን እንደተጻፈ ሳይናገር ሲቀር፣ ብራውዘሩ የምዕራብ አውሮፓ ጽሑፍ ነው ብሎ ይገምትና ሦስቱን ባይት ለየብቻ ያነባቸዋል።

ሲሪንቃን ለምሳሌ ያነሳናት ያለ ምክንያት አይደለም። በሰሜን ወሎ፣ ሀብሩ ወረዳ፣ በወልድያና በመርሳ መካከል የምትገኘው ይህች ሥፍራ በአማራ ክልል ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት ሥር ያለው የምርምር ማዕከል መቀመጫ ናት። ማዕከሉ የማሽላ ዝርያዎችን ያወጣል፤ ማሽላን ከሚያጠቃው አቀንጭራ ጋርም ሲታገል ኖሯል። እንግዲህ አንድ የልማት ሠራተኛ ስለ ማሽላ የተጻፈ ምክር በስልኩ ከፈተ እንበል። ገጹ ሲበላሽ ቃላቱ ይጠፋሉ፤ የተለመዱት የአረብ ቁጥሮች ግን ምንም ሳይሆኑ ይቀራሉ። በሔክታር ይህን ያህል ኪሎ የሚለው አኃዝ ቁልጭ ብሎ ይታያል። የዘሩ ይሁን የማዳበሪያው ግን አይታወቅም። ሙሉ በሙሉ ከማይከፈት ገጽ ይልቅ ይህ አደገኛ ይመስለናል።

የችግሩ ሥር ረጅም ነው። ከዩኒኮድ በፊት የነበሩት የግዕዝ ፎንቶች 256 ቦታ ባለው የላቲን ሠንጠረዥ ላይ የተሠሩ ነበሩ። ፊደላችን በዚያ ስለማይበቃ ለሁለትና ከዚያም በላይ ፎንት ይከፈል ነበር፤ እያንዳንዱ አምራችም የየራሱን አደራደር ተከተለ። ፎንቱ የሌለው አንባቢ የሚያየው ዝብርቅርቅ ላቲን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ለግዕዝ 345 ምልክቶችን መዘገበ። ይሁን እንጂ ኒያላ የተባለው ፎንት ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር ለተራው ተጠቃሚ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። በመካከሉ መሥሪያ ቤቶች ጽሑፋቸውን በፎቶ መልክ መለጠፍ ለመዱ። ፎቶው ይነበባል፣ በፍለጋ ግን አይገኝም።

ዛሬስ? ፎንቱ በየስልኩ አለ። የቀረው ብልሽት ግን አንድ ዓይነት ስላልሆነ መድኃኒቱም ይለያያል። ከላይ ያየነው ዓይነት ቀላሉ ነው፤ ባይቶቹ እስካልተነኩ ድረስ ትክክለኛውን ኢንኮዲንግ በመግለጽ ብቻ ይመለሳል። አንዳንዴ ደግሞ በፊደሉ ፈንታ ቁጥሩ ይወጣል፦ 4658፣ 4650፣ 4757፣ 4675። ይህም ሲሪንቃ ናት፤ ፊደሎቹ በዩኒኮድ ቁጥራቸው ተጽፈው ነው። ከቁጥሩ ፊት ያለውን የ«እና» ምልክት ሶፍትዌሩ ለጥንቃቄ ብሎ ወደ ሌላ ኮድ ሲቀይረው ብራውዘሩ ፊደሉን መሳል ትቶ ኮዱን እንዳለ ያሳያል። ይህም ይታረማል።

የማይታረመው የጥያቄ ምልክት ነው። የመረጃ ቋቱ ላቲን ብቻ እንዲቀበል ተደርጎ ከተዘጋጀ፣ የማያውቀውን ፊደል በጥያቄ ምልክት ተክቶ ያስቀምጣል፤ ዋናው ፊደል የትም የለም። በብዛት የሚሠራበት ማይኤስኪውኤል እ.ኤ.አ. በ2018 ስሪት 8.0 እስኪወጣ ድረስ ሳይነኩት የሚመጣው ላቲንን ይዞ ነበር። ከዚያ በፊት የተተከሉ ድረ ገጾች ያሏቸው መሥሪያ ቤቶች ይህን ቢያስፈትሹ አይከፋም።

ጉዳዩ የውበት ብቻ አይደለም። ወልድያና አካባቢዋ ከ2013 ዓ.ም. ነሐሴ እስከ 2014 ዓ.ም. ታኅሣሥ በጦርነቱ ውስጥ አልፈዋል። በእንዲህ ያለ ጊዜ በመደርደሪያና በአንድ ቢሮ ኮምፒዩተር ላይ ብቻ ያለ ጽሑፍ ዋስትና የለውም፤ በድረ ገጽ ላይ ያለው ቅጂ ደግሞ ካልተነበበ ቅጂ አይባልም። ሆኖም አዲስ ድረ ገጽ ሲሠራ ውሉ የሚያወራው ስለ ቀለሙና ስለ ሥዕሉ ነው፤ የቆዩ ገጾች ፊደላቸው ተስተካክሎ ይዛወር የሚል አንቀጽ እምብዛም አይገባበትም።

ለማረም የተነሳ ባለሙያ መጀመሪያ የመረጃ ቋቱን ሙሉ ቅጂ ይያዝ። የተበላሸውን ጽሑፍ እንደገና ገልብጦ በዩቲኤፍ-8 ካስቀመጠው እነዚያ 12 ምልክቶች ራሳቸው እንደ ፊደል ተቆጥረው ዳግም ይባዛሉ፤ ከዚያ በኋላ ወደ አራቷ ፊደል ለመመለስ ሁለት ጊዜ መፍታት ይጠይቃል።